የነጭ ጭራ አጋዘን ፎርም ሪቪው፣ ባህርዳር ላይ ቆዳ ለማልበስ ለምታስቡ

የእንስሳ ቆዳ ፎርም ላይ አልብሶ ግድግዳ ላይ ስለመስቀል ሰሞኑን የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብያለሁ። ሪቪው የማደርገው ዕቃ የነጭ ጭራ አጋዘን የትከሻ ፎርም ነው፣ ማለት የለፋው ቆዳ የሚለብሰው ከፎም የተሰራ ጭንቅላት፣ አንገትና ትከሻ። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ የሰራሁት ግን እዚሁ ባህርዳር ሽምብጥ ጓሮዬ ውስጥ ነው፣ አሁን ጣና ዳር አንድ ገስት ሃውስ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ያረፈ ሁሉ ሰልፊ ይነሳበታል። እስከመጨረሻው ለማንበብ ትግስት ለሌለው፦ ፎርሙን ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ ግን ፖዙን አይታችሁ ሳይሆን ቆዳውን ለክታችሁ እዘዙ። ዝርዝሩን የፈለገ ይቀጥል።

ወደ ዕቃው ከመግባቴ በፊት፣ የድኩላ ወይ የሚዳቋ ቆዳ ይዛችሁ «ይቺን ስራልኝ» እንዳትሉኝ። ያለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ፈቃድ የዱር እንስሳ ቆዳም ቀንድም መያዝ ያስጠይቃል፣ እኔም አልነካም፣ ዘመድ ብትሆኑም አልነካም። ይሄኛውን ቆዳ ሚኒሶታ የሚኖሩት የአክስቴ ልጅ (ወንድምጋሼ ነው የምላቸው፣ በዕድሜ ብዙ ይበልጡኛል) በፈቃድ አድነው፣ እዚያው አስለፍተው፣ ወረቀቱን አሟልተው ነው ይዘውት የገቡት። አጋዘን ስላልኩ ደግሞ የባሌው እንዳይመስላችሁ። የኛው የደጋ አጋዘን ከድኩላ ወገን ነው፣ ቀንዱ አንዴ ከበቀለ አይረግፍም። የአሜሪካኑ ቀንድ ግን ድፍን አጥንት ነው፣ በየዓመቱ ይረግፍና አዲስ ይበቅላል፣ ቀንዱ የሚረግፍ ወገን አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮው የሚገኘውም እነ አልጄሪያና ቱኒዚያ ጋ ብቻ ነው። ለስራው ልዩነት አለው፦ የኛዎቹ ቀንድ ከውስጥ አጥንት ላይ የለበሰ ቅርፊት ስለሆነ ተቀቅሎ፣ ወልቆ፣ ከውስጥ ተጸድቶ ነው የሚመለሰው፣ የአሜሪካኑ ግን ከራስ ቅሉ ቁራጭ ጋር እንዳለ ፎርሙ ላይ በቪት ይታሰራል።

ፎርም የሚባለው ነገር ድሮ አልነበረም። ድሮ ቆዳውን ሰፍተው ጭድና ጨርቅ ይጠቀጥቁበት ነበር፣ ለዚህ ነው አሮጌ ስራዎች ላይ እንስሳው ሆዱ ተነፍቶ ዓይኑ ፈጦ የምታዩት። (አሮጌ ስራ እጃችሁ ከገባ በባዶ እጅ አትነካኩት፣ እስከ ፈረንጆቹ 1980ዎቹ ድረስ ቆዳው አርሰኒክ ይቀባ ነበር።) ነገሩን ካሻሻሉት ሰዎች ዋነኛው ካርል ኤክሊ (1864-1926) የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ጡንቻውን በሸክላ ቀረጸ፣ ከሸክላው ላይ የጀሶ ሞልድ አወጣ፣ ሞልዱ ውስጥ ቀለል ያለ ቅርጽ ሰራ፣ ከዚያ ቆዳውን በሱ ላይ አለበሰ። ዛሬ የምንገዛው ፎርም የዚያ ልጅ ልጅ ነው፣ ማቴሪያሉ ወደ ጠንካራ ፖሊዩሬቴን ፎም ተቀየረ እንጂ ሀሳቡ ያው ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን የምታወጡት ለቀራጩ ዕውቀት ነው፣ ፎሙማ ርካሽ ነው። ጉንጩ የት ጋ እንደሚጎደጉድ፣ የአንገቱ ጅማት ሲዞር የት ጋ እንደሚወጣ እሱ አውቆ ጨርሶታል።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሳይዝ። ካታሎግ ስትከፍቱ እያንዳንዱ ፎርም ስር ቁጥሮች አሉ፣ ለምሳሌ 7¼ - 18 - 20 ይላል፣ ሁሉም በኢንች ነው። የመጀመሪያው ከዓይን የፊት ጥግ እስከ አፍንጫ ጫፍ ነው፣ ሁለተኛው ከጆሮ ስር ያለው የአንገት ዙሪያ፣ ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ያለው የአንገት ዙሪያ። ሦስተኛውን የት ላይ እንደለካው ከሻጭ ሻጭ ይለያያል፣ ስለዚህ ከፎቶው ስር የተጻፈውን አንብቡ። ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ተጠቀሙ፣ ባንድ ጎኑ ሴንቲ በሌላው ኢንች አለው፣ የአናጢ ሜትር ቆዳ ላይ አይተኛም። ኢንች የሌለው ከሆነ ሴንቲውን ለ2.54 ማካፈል ነው።

ከነዚህ ውስጥ የሞት የሽረቱ ቁጥር የመጀመሪያው ነው። ፊት ላይ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ቆዳውም ስስ ነው፣ ምንም ነገር መደበቂያ የለም። ፎርሙ ከቆዳው ከረዘመ የዓይኑ ሽፋን ወደፊት ይሳባል፣ ከንፈሩም አልደርስ ይላል፣ ካጠረ ደግሞ የአፍንጫው አጥንት ላይ ቆዳው ይሸበሸባል፣ እርጥብ እያለ በጣት ስትገፉት የጠፋ ይመስላችኋል፣ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ከች ይላል። አንገት ላይ መላ አለ፣ ፀጉሩ ረጅም ነው፣ ስፌቱም በጀርባ በኩል ስለሚሄድ አይታይም፣ ፎሙን በሞረድ መቀነስም በሸክላ መጨመርም ይቻላል። ፊት ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም፣ ሩብ ኢንች እንኳን ይታወቃል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ የሚኒሶታና የቴክሳስ አጋዘን በስም አንድ ነው በአካል ግን አይገናኝም፣ የሰሜኑ ግዙፍ ነው የደቡቡ አነስ ያለ፣ ካታሎጉም ለዚያ ነው የፊቱን ርዝመት ከ6 ተኩል እስከ 8 ኢንች አካባቢ የሚያመጣው። ወንዱ ደግሞ በስሪያ ወቅት አንገቱ ያብጣል፣ እሱም ኖቬምበር አካባቢ ነው፣ ሚኒሶታ ውስጥ በጠመንጃ የሚታደነውም ያኔ ነው። ስለዚህ መስከረም መጀመሪያ ላይ በቀስት የተመታ እና ኖቬምበር ላይ በጠመንጃ የተመታ፣ የፊታቸው ቁጥር እኩል ቢሆን እንኳ፣ አንድ ፎርም አይለብሱም። ወንድምጋሼን መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስንት ቀንድ አለው ሳይሆን መቼ ነው የመቱት ነበር፣ ኖቬምበር ሲሉኝ ወፍራም አንገት ፈለግን።

ቆዳው ብቻ ከደረሳችሁ፣ የሬሳው ልኬት ከሌለ ማለት ነው፣ ቆዳውን አርጥቡት፣ ውሃውን አንጠፍጥፉት፣ ጠረጴዛ ላይ ሳትስቡ ዘርጉት፣ አንገቱን ከጆሮ ስር ከዳር እስከ ዳር ለኩ፣ በጀርባ ያልተቀደደ ከሆነ ደግሞ እንደተኛ ለክታችሁ በ2 አባዙት። እየሳባችሁ ከለካችሁ የፈለጋችሁትን ቁጥር ይሰጣችኋል፣ የለፋ ቆዳ ይለጠጣል። የፊቱን በስሱ ክር ብትለኩት ይሻላል፣ ክሩን ከዓይን ጥግ እስከ አፍንጫ አስተኝታችሁ ከዚያ ክሩን ሜትር ላይ። የኛው 7 ተኩል ወጣ፣ ወደ 19 ሴንቲ ማለት ነው። ሁለት ሳይዝ መሃል ከወደቃችሁ እዚያ ሀገር ያለ ሰው ደውሎ ያስቀይራል፣ እኛ ባህርዳር ቁጭ ብለን ቅያሪ ብሎ ነገር የለንም፣ ስለዚህ የፊቱን ቁጥር ልክ ይዛችሁ አንገቱን አነስ ያለውን ውሰዱ። ትልቅ አንገት ላይ በግድ የተሳበ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተርና ስፌቱን ይከፍተዋል፣ ፀጉሩ ተከፍሎ ክሩ ያገጣል። በጣም ካነሰ ደግሞ ቆዳው ፎሙን ሳይነካ ይደርቅና ከበሮ ይሆንላችኋል፣ በጣት ሲነካ ዱም ዱም ይላል። ትንሽ ማነስ ነው የሚፈለገው፣ በሸክላ የሚሞላ ያህል።

ፖዝ። ወንድምጋሼ ራሱን ቀጥ አድርጎ የቆመውን ነበር የወደዱት፣ ፎቶው ላይ ንጉስ ይመስላል። የገስት ሃውሱ ሳሎን ጣሪያ ግን ከፍ ያለ ስለሆነ ስራው የሚሰቀለው ከሰው ራስ በላይ ነው፣ ቀጥ ያለው እዚያ ላይ ሲሰቀል ከታች የምታየው አገጩንና ጉሮሮውን ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደፊት የዘረጋው ነው ወደ ሰው የሚያየው። «ወንድምጋሼ፣ እርስዎ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ የት እንዲያይ ነው የሚፈልጉት?» ስላቸው ገባቸው። የሚዞርበትንም አቅጣጫ ክፍሉን አይታችሁ ወስኑ፣ ወደ በሩ ወይ ወደ መቀመጫው ነው መዞር ያለበት፣ ጥግ የሚያይ አጋዘን የተቀጣ ተማሪ ነው የሚመስለው። እና ካታሎጉ «ግራ» ሲል የእንስሳውን ግራ ነው፣ ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ወደ ቀኝ ነው የሚያየው። ይሄን የሚገለብጥ ሰው ብዙ ነው፣ ሻጩ ጋ ጻፉና አረጋግጡ።

አመጣጡ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፎርሙ ክብደት የለውም፣ የሚያስከፍለው የሚይዘው ቦታ ነው፣ በካርጎ ሲጠየቅ መላኪያው ከፎርሙ ዋጋ በለጠ። ትልቁ ሻንጣም አልያዘውም። ስደውል፣

«ወንድምጋሼ፣ አንገቱ መሃል ላይ በመጋዝ ይቁረጡት።»

«አንተ ልጅ ጤነኛ ነህ? ትናንት ገዝቼው ዛሬ ልቁረጠው?»

«ግዴለም ይቁረጡት፣ ግን መጀመሪያ በማርከር በግራ በቀኝ በላይ በታች የሚቆረጠውን ቦታ የሚያቋርጥ መስመር ያስምሩበት።»

መስመሩ ነው ዋናው ነገር፣ ሲገጣጠም አራቱም መስመር ቦታ ለቦታ ከገጠመ አንገቱ እንደነበረ ተመለሰ ማለት ነው። ቆረጡት፣ ጭንቅላቱ ባንድ ሻንጣ ትከሻው በሌላ ሻንጣ መጣ፣ ባዶው ቦታ ሁሉ ካልሲና የልጆች ልብስ ተጠቅጥቆበት። እዚህ ስንገጥመው ሁለት የእንጨት ዘንግ አስገባሁበት፣ ከዚያ የበርና የመስኮት ዙሪያ የሚሞላበት ስፕሬይ ፎም፣ የህንጻ መሳሪያ ቤት ሁሉ አለው፣ እሱም ፖሊዩሬቴን ስለሆነ ከፎርሙ ጋር ይስማማል። በጣም በስሱ ነው የሚነፋው፣ እያበጠ ሲሄድ ሁለቱን ቁራጭ ገፍቶ ያለያያቸዋል፣ በገመድ ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩትና እደሩ። የሚገርመው ነገር ይሄ መቆረጡ ጥቅምም አለው፣ ስትገጥሙት መስመሩን ትንሽ ካዛነፋችሁት የአንገቱ መዞር ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። አሜሪካኖቹም ሆን ብለው ይህን ያደርጋሉ። የኛን ግን ቦታው ላይ መለስኩት።

አሁን ስለ ዕቃው ጥራት። ጡንቻው ግሩም ነው። ዓይኑ ስር ያለችው የእንባ ጉድጓድ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ፣ የከንፈሩ መክተቻ ስንጥቅ ሁሉ ተጀምሮ ነው የመጣው፣ ከኋላ ለመስቀያ ኮምፔንሳቶ ተቀብሮበታል፣ ጭንቅላቱ ውስጥም ለቀንዱ ቪት የሚሆን እንጨት አለ። አንድ ነጥብ የቀነስኩበት ለዚህ ነው፦ የሞልዱ መጋጠሚያ መስመር ፊቱ መሃል ለመሃል ወጥቶ ይሄዳል፣ ሞረድ ካልነካው በስሱ የፊት ቆዳ ስር ያስታውቃል፣ አፍንጫው ጋ ደግሞ አየር የገባባቸው ጉድጓዶች ነበሩ፣ በሸክላ ተደፈኑ። የከንፈሩ ስንጥቅም ጥልቀት ይጎድለዋል፣ በቢላ ካላሰፋችሁት ከንፈሩ ተከቶ አይቆምም፣ ሲደርቅ ይወጣል። የተጻፈ መመሪያ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ የሚያውቅ ሰው ነው የገዛው ብለው ነው የሚያስቡት።

መሞረዱን ፊት ላይ ብቻ አትተውት። ፎሙ ከሞልድ ሲወጣ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር አለ፣ ላዩ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ይቀራል፣ ሙጫ አይዘውም። መላ አካሉን በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ወይ በሞረድ ማሻከር ግዴታ ነው፣ ጡንቻውን ሳታጠፉ። አቧራው ሳንባ ይበላል፣ ማስክ አድርጉ፣ ውጪ ስሩት፣ የሰፈር ልጆች መጥተው ካልቀለድንበት ይላሉ ግን ቻሉት።

ቀንዱን ለማሰር የራስ ቅሉ ቁራጭ በንጹህ መምጣት አለበት። አሜሪካ ውስጥ አጋዘኖችን የሚያጠቃ የአንጎል በሽታ ስላለ ብዙዎቹ ስቴቶች አንጎል ያለበትን ራስ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ይከለክላሉ፣ የሚፈቀደው የተጸዳ የራስ ቅል ቁራጭና የለፋ ቆዳ ነው፣ ወንድምጋሼም እንዲሁ ነው ያመጡት። ፎርሙ ግንባር ላይ ቁራጩ ቁጭ የሚልበትን ያህል በመጋዝ ትቆርጣላችሁ፣ ትንሽ ትንሽ እየቀነሳችሁ፣ ከዚያ በትራፓኖ በስታችሁ በቪት። ቪቱን ከማጥበቃችሁ በፊት ከያንዳንዱ ቀንድ ጫፍ እስከ አፍንጫ በሜትር ለኩ፣ ግራና ቀኙ መቀራረብ አለበት። ፍጹም እኩል ላይሆን ይችላል፣ የእንስሳው ቀንድ ራሱ እኩል አይደለማ። የቀረውን ክፍተት ጀሶ ሙሉት፣ ግን ግንባሩን አታሳብጡ፣ ጀሶ ሲበዛ አጋዘኑ ግንባሩ አብጦ ይቀራል።

ዓይን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ስራው በህይወት ያለ የሚመስለው እዚህ ስለሆነ። የመስታወት ዓይን ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ለነጭ ጭራ 32 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ በሸክላ ላይ ይቀመጣል። የአጋዘን ብሌን እንደ በግና ፍየል አግድም ነው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ሳር በሊታዎች ራሳቸውን ለመጋጥ ሲያጎነብሱ ዓይናቸው ጉድጓዱ ውስጥ 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሽከረከራል፣ ብሌኑ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ አንገቱን ዝቅ ያደረገ ፎርም ላይ ብሌኑን ከአፍንጫው ጋር አስተካክላችሁ ካስቀመጣችሁት ዓይኑ የሞተ ይሆናል፣ ፎርሙን በሚሰቀልበት አኳኋን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉት። ማመን ያቃተው ዓባይ ማዶ ሄዶ የሚግጥ ፍየል ቁጭ ብሎ ይይ፣ ነጻ ነው። እኔ የሽፋኑን አቀማመጥ፣ የጥጉን እርጥበት፣ ቅንድቡ እንዴት እንደሚያጠላ ያየሁት ከፍየል ነው፣ ፎቶ ሳነሳ ባለቤቱ ልገዛው መስሎት ዋጋ ነገረኝ።

ማጣበቂያውን በተመለከተ፣ የቆዳ ሙጫው በዱቄት መጥቶ እዚህ በውሃ ተበጠበጠ፣ አሪፍ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ቆዳውን ለማንሸራተት ጊዜ ይሰጣል። በአናጢ ኮላ ለመተካት የምታስቡ ተዉት፣ ቶሎ ይይዝና ፊቱን ሳታስተካክሉ ያልቃል። የስንዴ ዱቄት ሙጫም ይቅርባችሁ፣ ነቀዝና ሻጋታ መጥራት ነው። ሙጫ ከመቀባታችሁ በፊት ደግሞ ቆዳውን በደረቁ ፎርም ላይ አልብሳችሁ ከላይ እስከታች እዩት፣ የሚቀነስ ካለ ያኔ ቀንሱ። ለስፌት ጫፉ ባለሦስት ጠርዝ የቆዳ መርፌና በሰም የተቀባ ክር፣ ከቀንዱ ጋ ጀምሮ ወደ ታች፣ በየስፌቱ ፀጉሩን ከክሩ ስር እያወጣችሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከዚህ የሚገላግል ነገር የለም።

ማድረቅ ላይ የባህርዳር አየር የራሱ ጠባይ አለው። ፎሙ ውሃ አይመጥም፣ ስለዚህ የቆዳው እርጥበት የሚወጣው በፀጉሩ በኩል ብቻ ነው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢፈጅ አትደንግጡ። በበጋ ችኮላው ነው አደጋው፣ ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ጆሮና ከንፈሩ ቀድሞ ይደርቅና ይሳባል፣ ጥላ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ይበቃል። በሐምሌና ነሐሴ ግን አትጀምሩት፣ ጣና ዳር ያን ጊዜ ልብስ እንኳን አይደርቅም፣ ይሻግታል። ከዘጌ መጥተው ቤት ያረፉ ብራና የሚፍቁ አንድ አባት ቆዳውን በጣታቸው ዳሰሱትና «ልጄ፣ ይሄ ዘይት ጠጥቷል፣ ለብራና አይሆንም» ብለው ሳቁ፣ ቀጠሉና «ቢሆንም ጠርዙን ሳትይዝ አትተወው፣ ቆዳ የሚሸሸው ከጠርዙ ነው» አሉኝ። እውነት ነው፣ የዓይኑን ሽፋን፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ፣ የከንፈሩን መስመር፣ የቀንዱን ስር በሙሉ በቀጭን እስፒል ወጥሬ ያዝኩት፣ ጆሮውንም በሁለት ካርቶን መሃል። በየቀኑ ጠዋት ማታ ማየት ነው፣ የተነሳ ቦታ ካለ በጣት መልሶ መጫን። ከደረቀ በኋላ እስፒሉ ይወጣል፣ ክፍተቱ ይደፈናል፣ አፍንጫውና የዓይኑ ዙሪያ በስሱ ይቀባል፣ ኤርብራሽ ያለው በኤርብራሽ፣ የሌለው በቀጭን ብሩሽም ይሆናል።

«ለምን ከአሜሪካ ታስመጣለህ፣ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ካለው ነጭ ፎም አትቀርጽም?» የሚለኝ አለ። ይቀረጻል፣ ዋጋውም ምንም ነው። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የማታውቁትን እንስሳ ፊት ከፎቶ ብቻ መቅረጽ ለቀራጭ እንኳን ከባድ ነው፣ አጋዘን ደግሞ ዓባይ ማዶ የለም። ሁለተኛ፣ ነጩ ፎም ፖሊስቲሪን ነው፣ ቤንዚን፣ ቲነርና የመኪና ስቱኮ ሲነካው ይቀልጣል፣ ፖሊዩሬቴኑ ግን ይችላል። ነጩን ከመረጣችሁ በውሃ የሚሟሟ ነገር ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ። ለልምምድ ከሆነ ከአጋዘንም ከነጭ ፎምም የሚሻለው የበዓል ማግስት ነው፣ ሌጦ ሰብሳቢው ከመምጣቱ በፊት የፍየል ራስና የአንገት ቆዳ በነጻ ታገኛላችሁ፣ የፍየሉን የራሱን ራስ ቅል ቀቅላችሁ አጽዱና ፎርም አድርጉት፣ አንገቱን በእንጨት ላይ በተጠመጠመ ጭድና ሲባጎ። የፊቱ ልክ ያለምንም ካታሎግ ትክክል ይሆናል። ለፔዳ (የባህርዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ባዮሎጂ ተማሪዎችም ይሄንኑ ነው የምላቸው።

ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሸጥ የፕላስቲክ የጆሮ ማስገቢያ አለ፣ እሱን ተዉት። ሳይዙ ከጆሮው ጋር ካልገጠመ ዋጋ የለውም፣ በላዩ ላይ ደግሞ ቆዳው ሲደርቅ ከፕላስቲኩ ይላቀቃል። ጆሮው ሲለፋ የውስጡ ቅርጭጭት ወጥቶ ከሆነ የመኪና ስቱኮ ይበቃል፣ ከማንኛውም ጋራዥ ጣሳ ትገዛላችሁ፣ ማጠንከሪያውን አነስ አድርጋችሁ ለውሱት፣ ጆሮው ውስጥ ጨምራችሁ ከመድረቁ በፊት በጣት ቅርጽ ስጡት። ሁለቱንም ጆሮ ከአንድ ልውስ ስሩ፣ ያለዚያ አንዱ ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ ይደርቃል። እጃችሁን በጓንት፣ ሽታው ደግሞ ከባድ ስለሆነ በር ከፍታችሁ።